አንድ ፍሬ ቆሎ

ደብረ ሲና፣ ከጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ፣
የክፍላችን ቆርቆሮ በነፋስ ሲርድ፣
ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፤
ዛሬ አላስተምርም። እቆጥራለሁ።

አናንያ እጁን ነከሰ። አንድ ጭረት።
ደግሞ ነከሰ። ሁለት።
ሰኞ ዐሥራ አንድ ሆነ፣ ማክሰኞ ዐሥራ አራት፤
ረቡዕ አልመጣም፣ ያዘው አሉኝ ትኩሳት።

«ጠበል ይወሰድ» ያለ አለ፣ «ዛር ነው» ያለ፣
«በእኛ ጊዜ መድኃኒቱ አለንጋ ነበር» ብሎ የማለ።
እኔ ገጹን በሦስት ከፈልኩት፣ በማስመሪያ፣ በእርሳስ፦
ከፊቱ ምን ነበረ? ምን አደረገ? ከኋላውስ?

ሁለት ሳምንት ሙሉ ይኼንኑ ጻፍኩ።
አንድ ማታ መብራት ሄዶ፣ በሻማ አነበብኩ፤
የፊተኛው ዓምድ ላይ ያው ቃል፣ ያው ቃል፦
ደወል። ደወል። ደወል።
ያ የኢሱዙ ቸርኬ፣ ባሕር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው፣
ጋሽ ወንዳፍራሽ በብረት «ቃ!» ሲያደርገው
ለእኛ የእረፍት ድምፅ ነው። ለእሱስ?
ጆሮው ውስጥ ገብቼ አላየሁም፤
የገዛ ሥጋን የሚያስነክስ ነገር ግን ቀላል አይደለም።

የኋለኛው ዓምድስ? የራሴ ጽሕፈት፣ የራሴ ኀፍረት፦
«ከክፍል አስወጣሁት።» «ከክፍል አስወጣሁት።»
ለካ ልጁ ይናገር ኖሯል፣ በጥርሱ፤
«አውጡኝ» ነው ያለው፣ ማስወጣቴ ነው መልሱ።
ንክሻን ያስተማርኩት፣ ሳላውቅ፣ እኔው ነኝ፤
ይኼን ስጽፍ እርሳሱ ተሰበረብኝ።

ዳይሬክተሩን ለመንኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብቻ
«ስልሳ ሁለት ልጅ እያለ፣ ደወል ልቀይር ለእሱ ብቻ?»

ቀይ ካርቶን ቆረጥኩ ከሳሙና ፓኮ፣ መዳፍ የሚያህል፤
«ይኼን ስጠኝና ውጣ» ማለት ነው፣ ያለ ቃል።
መጀመሪያ እጁን በእጄ ይዤ አስያዝኩት፣
ወደ መዳፌ አመጣሁት፤
ወዲያው በሩን ከፈትኩ፣ ወዲያው አንድ ፍሬ ቆሎ።
(አንድ ብቻ። እፍኝ ከሆነ ይሰለቻል ቶሎ።)
በኋላ አንጓውን ነካሁ፣ በኋላ በጣት አሳየሁ፣
በኋላ እጄን ከጀርባዬ አጣምሬ ዝም ብዬ አየሁ።
ዝም እንደማለት የከበደ ትምህርት የለም፤
ለአስተማሪዋ ማለቴ ነው። እሱስ ብዙም አልተቸገረም።

ቆሎው የእናቱ ነው፣ የሽታዬ፤
ሒሳብ ስሰጣት «ለልጄ አይደል ወይ፣ እትዬ?»
ኅዳር ላይ እየሮጠች መጣች፣ ነጠላዋ ወድቆ፤
የደሴው አውቶብስ ጡሩምባውን ለቆ
«ስኒ ሰፍሬ በመስኮት ሳቀብል ቀሚሴን ጎተተኝ፤
ዞር ስል አልነከሰም፣ ያንን ቀይ ነገር ሰጠኝ።
ጥዬው ሄድኩ ስኒውን፣ ከበለሱ አጥር ኋላ፤
መኪናው ያልተከፈለ ቆሎዬን ይዞ ሄደ፣ ይብላ!
ይብላው ተሳፋሪው፣ ይቆርጥመው እስከ ከሚሴ፤
ልጄ በስምንት ዓመቱ አናገረኝ፣ ይዞ ከቀሚሴ።»

እዚህ ላይ ባበቃ ግጥሙ ያምር ነበር።
ግን ከጥምቀት ማግስት ዘጠኝ ጭረት አለ በደብተር።
በዓሉ፣ ከበሮው፣ እንግዳው፣ ካርቶኑን አስረስቶት፤
እጅ በእጅ፣ አንድ ፍሬ፣ ከሀ ጀመርን በጠዋት።

አንድ ቀን ጋሽ ወንዳፍራሽ ከትከሻዬ በላይ ደብተሬን አየ።
ፊደል አልቆጠረም፤ ጭረት ግን ማን ይከለክለዋል? ቆጠረ፣ ቆየ፣
ምንም አላለም።
በማግስቱ ደወሉ «ቃ!» አላለም።
የአሮጌ የመንዝ ባና ቁራጭ ብረቱ ጫፍ ላይ ጠምጥሞ
«ዱም» አሰኘው ጉሙ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ቆሞ።

ልጆቹ ተንጋግተው ሲወጡ አናንያ ቀና አለ፤
ኪሱን ዳሰሰ። ካርቶኑ አለ።
አላወጣውም። ጎንበስ ብሎ ቆርኪዎቹን ቀጠለ፣
ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ።
ጻፍኩ፦ ከፊቱ፣ ደወል። ምን አደረገ፣ ቀና አለ።
«ከኋላውስ?» የሚለውን ክፍት ተውኩት፤
ከኪሴ አንድ ፍሬ ቆሎ አውጥቼ
ወጣሁና ለጋሽ ወንዳፍራሽ ሰጠሁት።

«አንድ ብቻ?» አለኝ።